ነጩ ይሻላል ወይስ ጥቁሩ? ጥርሳችሁን ከማስሞላታችሁ በፊት ስለ ዕቃውና ስለ መሣሪያው ማወቅ ያለባችሁ



ዛሬ ስለ ጥርስ ሙሌት እናውራ። ስለ ጥርስ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ቶሎ ቶሎ የሚመላለሰው ይሄ ነው፦ "ዶክተር፣ መንጋጋዬ ተበልቷል። አንዱ ክሊኒክ ነጩን ሙሌት አድርግ አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ሌላ ነገር ነገረኝ፤ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የቱ ነው የሚሻለኝ?"

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ጥርስ አልሞላም፣ አልነቅልም። አፋችሁን አይቶ የሚወስነው የጥርስ ሐኪማችሁ ነው። ግን የጥርስ ሕክምና ሳይሳካ ሲቀር ፊቱ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞት፣ አፉን መክፈት አቅቶት ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የሚመጣውን ሰው መጀመሪያ የምናየው እኛ ነን። ስለዚህ ጉዳዩ እኔንም ይመለከተኛል።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ጥርስ "ምርጥ" የሚባል ሙሌት የለም። ያው ራሱ ዕቃ አንዱ ጋ ተሞልቶ ዓመታት ይቆያል፣ ሌላው ጋ ተሞልቶ በወራት ውስጥ ይነሳል። እያንዳንዱ ዕቃ የሚፈልገው ሁኔታ አለ። ያ ሁኔታ ከተሟላ ይሠራል፣ ካልተሟላ ውዱም ይወድቃል። እናንተም ከዕቃው ስም ይልቅ ሁኔታው መሟላቱን ነው ማየት ያለባችሁ። አንድ በአንድ እንያቸው።

ነጩ ሙሌት

ስሙ ኮምፖዚት ነው። ሬዚን የሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር ውስጥ እጅግ ደቃቅ የመስታወት ዱቄት የተቀላቀለበት ነው። የጥርስን ቀለም ስለሚመስል ሁሉም ሰው ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ከሁሉም ሙሌቶች በጣም "አስቸጋሪ ጸባይ" ያለው እሱ ነው።

ለምን? ኮምፖዚት በራሱ ጥርስ ላይ አይጣበቅም። ሐኪሙ በመጀመሪያ ጥርሱን ብዙ ጊዜ 37 በመቶ በሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ለጥቂት ሰከንዶች ይቀባዋል። አሲድ ስትሉ አትደንግጡ፣ በባለሙያ እጅ ሲሆን ችግር የለውም። አሲዱ የጥርሱን ውጫዊ ጠንካራ ሽፋን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች እንዲኖሩት ያደርጋል፤ ልክ ግድግዳ ከመለሰኑ በፊት እንደሚቧጠጠው ማለት ነው። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1955 ያስተዋወቀው ማይክል ቦኖኮር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ከዚያ አሲዱ በውሃ ይታጠባል፣ ማጣበቂያ ይቀባል፣ በላዩ ሙሌቱ በስስ በስሱ ይደረባል። የተለመደው ዓይነት አንዱ ድርብ ከ2 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። እያንዳንዱ ድርብ ደግሞ በሰማያዊ መብራት እንዲጠነክር ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜ ለ20 ሰከንድ ያህል። አሁን አሁን እስከ 4 ሚሊ ሜትር በአንዴ የሚሞሉ አዳዲስ ዓይነቶችም አሉ።

አሁን ችግሩ የት ጋ እንደሆነ ታያላችሁ። ማጣበቂያው ተቀብቶ ሳለ ምራቅ ወይም የድድ ደም ጠብ ካለበት አለቀ፤ ሙሌቱ የተጣበቀ ይመስላል እንጂ አልተጣበቀም። መብራቱ ያረጀና ጉልበቱ የደከመ ከሆነ ወይም ጫፉ ላይ የድሮ ሙሌት ተጋግሮበት ከሆነ ደግሞ ላዩ ይጠነክራል፣ ውስጡ ለስላሳ ይቀራል። እናንተ ከወንበሩ ስትነሱ በመስታወት ስታዩት ልቅም ያለ ነው። ከወራት በኋላ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው መጠዝጠዝ ይጀምራል፣ ምግብ ይገባበታል፣ ከሥሩ እንደገና መበላት ይጀምራል። ከዚያ "ነጭ ሙሌት አይረባም" ይባላል። ሙሌቱ ምን ያድርግ?

ለምራቁ መፍትሔው በጣም ቀላልና በጣም አሮጌ ነው። ራበር ዳም የምትባል ስስ የላስቲክ ጨርቅ አለች። ትበሳና በሚሞላው ጥርስ ላይ ትጠለቃለች፤ ጥርሱ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል፣ ሌላው አፍ በሙሉ ከኋላ ይሸፈናል። የኒውዮርኩ የጥርስ ሐኪም ሳንፎርድ ባርነም ይህቺን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1864 ነው። አፄ ቴዎድሮስ ዙፋን ላይ እያሉ ማለት ነው! ዛሬም ከሷ የተሻለ ማድረቂያ የለም ማለት ይቻላል። "ዘመናዊ" የሚባለው ክሊኒክ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ሰቅሎ ይህቺን ላስቲክ ሳያወጣ ሲሞላ ሳይ ይገርመኛል። በእርግጥ ሁሌ ግድ አይደለም፤ ትንሽ የፊት ጥርስ ሙሌት በጥጥና በምራቅ መሳቢያ ብቻ በደንብ ሊሠራ ይችላል። ከመንጋጋ በኩል፣ በተለይ ከድድ ጠጋ ያለ ጉድጓድ ከሆነ ግን ብትጠይቁ ነውር የለውም።

ጥቁሩ ወይም ብርማው ሙሌት

አማልጋም ይባላል። የብር፣ የቆርቆሮና የመዳብ ዱቄት ከፈሳሽ ሜርኩሪ ጋር ተደባልቆ የሚሠራ ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። መልኩ አያምርም፤ ግን የኋላ መንጋጋ ላይ ጉልበተኛ ነው፣ እርጥበትንም ከነጩ በተሻለ ይችላል። በየቤቱ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሞላ ጥቁር ጥርስ ይዞ በቆሎ የሚቆረጥም አባት አይጠፋም። ጉዳቱ ስለማይጣበቅ ሐኪሙ እንዲይዝለት ብሎ ደህናውን ጥርስም ትንሽ መቦርቦር ይኖርበታል።

"ሜርኩሪ አይመርዘኝም ወይ?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከሙሌቱ በጣም ትንሽ ትነት ይወጣል። ይህ መጠን በአብዛኛው ሰው ላይ በሽታ ማምጣቱ አልተረጋገጠም። ሆኖም ዓለም ቀስ በቀስ እየተወው ነው፤ አንዱ ትልቅ ምክንያት ሜርኩሪው ከክሊኒክ ወጥቶ ውሃና አፈር መበከሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ስሙን ያገኘው በሜርኩሪ በተበከለ ዓሣ ሕዝቧ ከተጎዳባት የጃፓን ከተማ ነው። በ2022 የስምምነቱ አገራት ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች ሐኪሙ የግድ ካላለ በስተቀር አማልጋም እንዳይሞላ ተስማምተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በቀር አስቁሞታል።

እዚህ ጋ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ይህን አንብባችሁ ደህና ተቀምጦ ያለውን ጥቁር ሙሌት ለማስወለቅ አትሩጡ። ሜርኩሪው በብዛት የሚተነው በማሽን ሲቦረቦር ነው። ካልተሰነጠቀ፣ ከሥሩ ካልተበላ፣ ካላመማችሁ ተዉት። እርጉዝ ከሆናችሁ ደግሞ ማስሞላቱም ማስወለቁም ከወሊድና ከጡት ማጥባት በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስተኛው

ግላስ አዮኖመር ይባላል። ስሙን ክሊኒክ ውስጥ ሰምታችሁት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ "ጊዜያዊ ነው" ወይም "የልጆች ነው" እየተባለ ይናቃል። እኔ ግን ለአገራችን ሁኔታ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ አስተዋዩ እሱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1972 አለን ዊልሰንና ብሪያን ኬንት የተባሉ ኬሚስቶች እንግሊዝ አገር ያስተዋወቁት ነው። ማጣበቂያ ሳይፈልግ በራሱ ከጥርስ ጋር በኬሚካል ይያያዛል። ትንሽ እርጥበት አያጠፋውም። ፍሎራይድም ቀስ እያለ ይለቃል። ብዙዎቹ ዓይነቶች ያለ መብራት ይጠነክራሉ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ አንድ ዘዴ ተጀመረ፦ መብራትም ማሽንም በሌለበት የተበላውን ለስላሳ ክፍል በእጅ መሣሪያ ጠርጎ ማውጣትና በተጣባቂ ዕቃ መሙላት። ይህ ዘዴ ኋላ ላይ ከግላስ አዮኖመር ጋር ተጣምሮ በብዙ አገራት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተሠራበት። ማሽን የሚፈራ ልጅ ያላችሁ ወላጆች የምላችሁ ይገባችኋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ዕቃ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል።

ድክመቱስ? የማኘክ ጉልበት ያን ያህል አይችልም። ትልቅ ጉድጓድ ያለበት የአዋቂ መንጋጋ ላይ ቶሎ ይበላል ወይም ይሰበራል። ለወተት ጥርስ፣ ድድ ሸሽቶ ሥሩ ለተበላ የሽማግሌ ጥርስ፣ ምራቁን መቆጣጠር ለሚያስቸግር ቦታ ግን ከነጩ ሙሌት የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ "አታለሉኝ" አትበሉ።

ከሙሌቱ በፊት ኤክስሬይ

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ወጣት፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ የታችኛው መንጋጋው ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ ሲጠዘጥዘው ከርሟል። አንድ ቦታ ሄዶ ኤክስሬይ ሳይነሳ በዚያው ቀን በውድ ዋጋ ነጭ ሙሌት ተሞላለት። ሕመሙ ለጥቂት ቀን ተወው፤ ደስ አለው። በሳምንቱ አገጩ ሥር አብጦ፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት፣ ምላሱ ወደ ላይ ተገፍቶ ድምፁ ታፍኖ መጣ። መግሉ ወደ አንገቱ ወርዶ የአየር መተላለፊያውን ሊዘጋ ነበር። ቀዶ ሕክምና ገብቶ መግሉ ወጣለት፣ ጥርሱም ተነቀለ፣ ተረፈ።

ያ ሙሌት ጥሩ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ግን የጥርሱ ነርቭ ከሞተና ሥሩ ላይ መግል ከያዘ በኋላ ላዩን በወርቅም ብትደፍኑት ያው ነው፤ እንዲያውም መውጫውን ትዘጉበታላችሁ። ትኩስ ነገር ስትጠጡ ጀምሮ ደቂቃዎች የሚቆይ ሕመም፣ በራሱ ጊዜ የሚነሳ ጥዝጠዛ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ካለ ነርቩ እየተጎዳ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ሩት ካናል ወይም መንቀል ነው እንጂ ተራ ሙሌት አይደለም። ይህን የሚለየው ምርመራና ኤክስሬይ ነው። ትንሿ የጥርስ ኤክስሬይ የምትሰጠው ጨረር በጣም ጥቂት ነው፤ ተፈጥሮ ራሷ በየቀኑ ከምትሰጠን ጋር የሚነጻጸር ነው። ስለዚህ "ኤክስሬይ እንነሳ" ያላችሁን ሐኪም "ገንዘብ ሊበላኝ ነው" ብላችሁ አትጠርጥሩት።

እግረ መንገዴን፦ አገጭ ሥር እብጠት፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር፣ አፍ አልከፈት ማለት ከትኩሳት ጋር ከመጣ ነገ አትበሉ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ የታፈነውን መግል አያወጣውም።

ሩት ካናል ከተባላችሁም የምትጠይቁት ያው ስለ ላስቲኳ ነው። የጥርሱን ቦይ ለማጠብ የሚጠቀሙት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የበረኪና ዘመድ ነው፤ ጀርም ለመግደል ግሩም ነው፣ ድድና ጉሮሮ ላይ ከፈሰሰ ግን ያቃጥላል። ትንንሾቹ የቦይ ሞረዶችም ካመለጡ ይዋጣሉ። እዚህ ላይ ራበር ዳም ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ሥሩ ከታከመ በኋላ ደግሞ መንጋጋው ስለሚሰባበር ሽፋን ያስፈልገዋል፤ ዚርኮኒያም ይሁን ብረት ላይ የተለበጠ ፖርሴሊን፣ ሳያለብሱ ወራት ማቆየት የሩት ካናሉን ብር መጣል ነው። የአያቶቻችን ወርቅ ጥርስ በነገራችን ላይ የሚሳቅበት አልነበረም። ወርቅ አይዝግም፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ጥርስም አይጎዳም።

በዓይናችሁ የምታዩት ንጽሕና

ስለ ሙሌት ዓይነት የሚጨነቀው ሰው ሁሉ ስለዚህኛው ቢጨነቅ ደስ ይለኛል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጪ፣ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። የጥርስ መሣሪያ ደግሞ ደም ይነካል።

መሣሪያ ከጀርም ነፃ ሆነ የሚባለው በዋናነት ኦቶክሌቭ በሚባለው በእንፋሎት ግፊት በሚሠራ ማሽን ውስጥ ሲያልፍ ነው፦ እንደ ማሽኑና እንደ አስተሻሸጉ በ121 ዲግሪ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ ለጥቂት ደቂቃ። ውሃ ውስጥ ማፍላት ይህን አይተካም። በአልኮል መጥረግም አይተካም። ሰማያዊ መብራት ያላት፣ ፍሪጅ የምትመስል የመስታወት ሳጥንም አትተካም። ይህቺ ሳጥን በጣም ታታልላለች! የምታገለግለው ቀድሞ የተቀቀለውን ዕቃ ለማስቀመጥ ነው። ብርሃኑ ያላረፈበት ጀርም ከነነፍሱ ይቀመጣል።

እናንተ ምን ታያላችሁ? መሣሪያው ከታሸገ የወረቀትና የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እናንተ ፊት ሲከፈት። ከረጢቱ ላይ በሙቀት ቀለሟን የምትቀይር ምልክት አለች፤ መቀየሯ ማሽን ውስጥ መግባቱን ይነግራችኋል፣ ሁሉም ነገር በትክክል መቀቀሉን ግን ብቻዋን አታረጋግጥም። መርፌውና የማደንዘዣው ብልቃጥ ለእናንተ ብቻ አዲስ መሆን አለባቸው፤ የተረፈ ማደንዘዣ ለሌላ ሰው አይሰጥም። የሚያፏጨው መቦርቦሪያ ደግሞ ሁሉም የሚረሳው ነው። ውስጡ ምራቅና ደም ሊገባበት ስለሚችል በየሰዉ መካከል እሱም ኦቶክሌቭ መግባት አለበት፤ ላዩን በጨርቅ መጥረግ አይበቃም። ጓንት አድርጎ ስልክ አንስቶ፣ በዚያው ጓንት ወደ አፋችሁ የሚመለስ ካለ "ዶክተር፣ ጓንቱን ይቀይሩልኝ" በሉ። ቅር የሚለው ጥሩ ባለሙያ አላውቅም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልወሰዳችሁ አዋቂዎችም ተመርመራችሁ ሦስቱን ዙር ጨርሱ።

ከስምጥ ሸለቆ ለመጣችሁ

ዝዋይ፣ መተሃራ፣ ወንጂ አካባቢ ያደጋችሁ ልጆች ጥርሳችሁ ቡናማ የሆነው ስላልፋቃችሁ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ያሉ አንዳንድ ጉድጓዶች ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ አላቸው። ጥርሱ ገና በልጅነት ሲሠራ ነው የሚበላሸው።

ከሠርግ በፊት "ሆሊውድ ስማይል" ብላችሁ የምትጽፉልኝ ብዙዎቹ ከዚያ አካባቢ ናችሁ። ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ፍሎራይድ በብዛት የገባበት ጥርስ አሲዱን ይቋቋማል፣ ስለዚህ ነጩ ሙሌት በደንብ እንዲይዝ የተለየ አዘገጃጀት ይፈልጋል። ሐኪማችሁ ይህን ማወቁን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ለቬኒር ተብሎ የሚሞረደው የጥርስ ሽፋን ተመልሶ አይበቅልም። ቀለሙ ቀላል ከሆነ ላዩን በስሱ ጠርጎ ማንጻት ወይም ትንሽ ነጭ ሙሌት መለበጥ ሊበቃ ይችላል። ከትንሹ ጀምሩ። በአንድ ቀን 20 ጥርስ ሞርዶ "ዝግጁ ነሽ" ከሚል ቦታ ሽሹ።

ክሊኒክ ስትሄዱ

ለሐኪሙ እንዲህ በሉት፦ "ዶክተር፣ የሚሞሉልኝ ምንድን ነው? ለምን እሱን መረጡልኝ?" ጥሩ መልስ ስለ ጥርሳችሁ ይሆናል፦ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፣ ከድድ በታች ነው፣ የሚኘክበት ጎን ነው። መልሱ "ምርጥ ዕቃ ነው፣ የውጭ ነው" ብቻ ከሆነ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ጠይቁ። ነጭ ሙሌት ያለቀበት ቀን አለው፣ ሙቀትም ያበላሸዋል፤ ቱቦው ላይ ያለውን ቀን ማየት መብታችሁ ነው። የስኳር፣ የልብ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ወንበሩ ላይ ከመጋደማችሁ በፊት ተናገሩ።

ሲያልቅ ደግሞ የጥርሱ ቁጥር፣ የዕቃው ስምና ቀኑ ካርዳችሁ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ካርዱንም ኤክስሬይዋንም በስልካችሁ ፎቶ አንሷቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላ ከተማ ሆናችሁ ያ ጥርስ ቢነሳባችሁ፣ አዲሱ ሐኪም ነርቩ ምን ያህል ቅርብ እንደነበር ከፎቶው ማየት ይችላል።